አውሮፕላን ከበረራ ሲታገድ ሒሳቡን የሚከፍለው ማነው? (የክትፎ ውርርድ አለበት)

ጀማሪው_ከገርጂ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። አንድ ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ። ክትፎ ስለተወራረድንበት በቁም ነገር መልሱልኝ።

ቅዳሜ ከጓደኛዬ ጋር ማኪያቶ እየጠጣን የቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላን ነገር ተነሳ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም.ን የረሳ የለም። እሑድ ጠዋት። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 302 ከቦሌ ተነስቶ በ6 ደቂቃ ውስጥ ጊምቢቹ ወረዳ ላይ ወደቀ። 157 ሰው አለቀ። ከዚያ አምስት ወር ባልሞላ ጊዜ በፊት የኢንዶኔዥያው ላየን ኤር ማክስ 189 ሰው ይዞ ባሕር ገብቶ ነበር። ከኛው አደጋ በኋላ በቀናት ውስጥ ዓለም በሙሉ ማክስን አቆመ። አሜሪካ እንኳን ብታመነታም መጋቢት 4 ላይ አገደችው። በ59 አየር መንገዶች እጅ የነበሩ 387 አውሮፕላኖች መሬት ላይ ቀሩ። አሜሪካ እገዳውን ያነሳችው ኅዳር 9 ቀን 2013 ነው። 20 ወር!

ጥያቄዬ ይኼ ነው። በእነዚያ 20 ወራት የተሰረዘው በረራ፣ የቆመው አውሮፕላን ኪራይ፣ ሥራ የፈታው ፓይለት፣ የዚህ ሁሉ ሒሳብ ወደ ማን ሄደ? ጓደኛዬ «ኢንሹራንስ ነዋ፣ ለምን ይገባሉ ታዲያ?» አለኝ። እኔ ደግሞ «ጥፋቱ የቦይንግ ነው፣ ከፋዩም ቦይንግ ነው» አልኩ። ማን በላ?


አወያይ፦

ርዕሱ ጥሩ ነው፣ ይቀጥል። አንድ ማሳሰቢያ ብቻ። እዚህ የሚያነቡ የሟች ቤተሰቦች ሊኖሩ ይችላሉ። በክትፎው ላይ ቀልዱ፣ በአደጋው ላይ አይሁን።


ሒሳብ_በልክ፦

መድን ቤት ነው የምሠራው፣ ስለዚህ ከጓደኛህ ልጀምር። ጓደኛህ ተሸንፏል። አንተም ግን ክትፎህን ገና አትዘዝ።

አየር መንገድ ለአውሮፕላኑ የሚገባው መድን የሚከፍለው አውሮፕላኑ ሲጎዳ ነው። ሲወድቅ፣ ሲጋጭ፣ ሲቃጠል። ሌላው መድን ደግሞ ለተሳፋሪና መሬት ላይ ላለ ሰው ነው። የታገደ አውሮፕላን ግን ምን ሆነ? ምንም። ቀለሙ እንኳን አልተነካም። ቆሟል፣ በቃ። መኪናህ ደህና ሆኖ ሳለ ትራፊክ ታርጋህን ቢፈታው መድን ቤት መጥተህ «ያጣሁትን የታክሲ ገቢ ክፈሉኝ» ትላለህ? እኛም ሻይ ጋብዘን እንሸኝሃለን።

የመታገድ ሽፋን የሚባል ነገር በዓለም ላይ የለም ማለቴ አይደለም። አለ። ግን የሚገኘው በአብዛኛው በአምራቹ መድን ውስጥ ነው። አምራቹ በሠራው ዕቃ ጉድለት አውሮፕላኖች ሲታገዱና ደንበኞቹ ሲጠይቁት የሚረዳው አንቀጽ ነው። እሱም ጣሪያ አለው። 20 ወር የሚቆም 387 አውሮፕላን ደግሞ የትኛውንም ጣሪያ ይበሳል።

ስለዚህ አየር መንገዱን በተመለከተ መድኑ የአህያ ባል ነው። ከጅብ አያስጥልም።


ጀማሪው_ከገርጂ፦

😂 እህቴ ተባረኪ። ስክሪንሾት አድርጌ ልኬለታለሁ። እሺ፣ እኔስ ለምን ገና ነኝ? ቦይንግ ከፍሏል አይደል?


ሒሳብ_በልክ፦

ከፍሏል። ቁጥሩን ስታየው ትደነግጣለህ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2019 ለደንበኞች ካሳ ብሎ ከታክስ በፊት 5.6 ቢሊዮን ዶላር መደበ። በጥር 2020 የእገዳው ጠቅላላ ወጪ 18.6 ቢሊዮን ይደርሳል አለ። ከዚያ ውስጥ ለደንበኞች የተባለው 8.3 ቢሊዮን ነው። የቀረው የራሱ የፋብሪካ ወጪ ነው፤ ማምረት ስለቀነሰና ስላቆመ የጨመረበት። የ2019ን ዓመትም በ636 ሚሊዮን ዶላር ኪሳራ ዘጋ። ከ1997 ወዲህ የመጀመሪያው ዓመታዊ ኪሳራው ነበር።

አሁን «ለደንበኞች» የሚለውን ቃል ያዝልኝ። ያ 8.3 ቢሊዮን በሙሉ ጥሬ ገንዘብ አይደለም። በዓመታት ውስጥ የሚሰጥ ነው። የተወሰነው ካሽ ነው፣ የተወሰነው ወደፊት በምትገዛው አውሮፕላን ላይ ቅናሽ ነው፣ የተወሰነው መለዋወጫና ሥልጠና ነው። እኔ ሒሳብ ቤት ብሆን ለቅናሹ ያለኝ ስም አንድ ነው። ላም አለኝ በሰማይ። ወተቱን ለማየት መጀመሪያ አውሮፕላኑን ከዚያው ካምፓኒ መግዛት አለብህ።


ነገረ_ሠሪ፦

ይኼ ግን ለአየር መንገዱ መጥፎ ነው ያለው ማነው? እኔ አየር መንገድ ብሆን አውሮፕላን መግዛቴ አይቀርም። በቅናሽ ካገኘሁ ምን ጎደለብኝ?


ሒሳብ_በልክ፦

ሁለት ነገር ጎደለብህ። አንደኛ፣ ዛሬ ደሞዝ መክፈል አለብህ። ደሞዝ በቅናሽ ኩፖን አይከፈልም። ሁለተኛ፣ ነገ ተፎካካሪው ኤርባስ የተሻለ ዋጋ ይዞ ቢመጣ ኪስህ ውስጥ ያለው ቅናሽ ቦይንግ ጋ ብቻ ነው የሚሠራው። የበደለህ ሰው ካሳውን በሱቁ ዱቤ ሲሰጥህ ከሱቁ እንዳትወጣ አደረገህ ማለት ነው።

በሒሳብ መዝገብም ላይ ይታያል። የአሜሪካው ሳውዝዌስት አየር መንገድ 34 ማክስ ቆሞበት ነበር፣ ከሀገሩ ብዙ የነበረው እሱ ነው። ካገኘው ካሳ አብዛኛውን እንደ ገቢ አልመዘገበም። የአውሮፕላኖቹ መግዣ ዋጋ እንደቀነሰ አድርጎ ነው የያዘው።


የድሮው_ዲስፓቸር፦

ልጆች፣ ሁላችሁም ማክስ ማክስ ትላላችሁ። እኔ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፣ ከዚህ በፊት የነበረውንም አውቃለሁ።

እ.ኤ.አ. ግንቦት 25 ቀን 1979 ቺካጎ ላይ ዲሲ-10 የሚባል አንድ አውሮፕላን ሲነሳ የግራ ሞተሩ ተገንጥሎ ወደቀ። 273 ሰው ሞተ። ሰኔ 6 ላይ አሜሪካኖች ዲሲ-10ን በሙሉ አገዱ፣ እስከ ሐምሌ 13 ድረስ። የበጋው ገበያ በደራበት ጊዜ! ምርመራው ያገኘው ምን መሰላችሁ? አየር መንገዱ ሞተሩን ከነማቀፊያው በፎርክሊፍት እያነሳ ሲጠግን መያዣውን ሰንጥቆታል። አምራቹ ሞተሩና ማቀፊያው ለየብቻ ይውጡ ነበር ያለው። ይኼኛው መንገድ ጊዜ ይቆጥብ ስለነበር ነው።

እንግዲህ ንገሩኝ። ፎርክሊፍት ነክቶ የማያውቅ ሌላ ሀገር ያለ አየር መንገድ ዲሲ-10ቹን አቁሞ ከርሟል። ሒሳቡን ለማን ይላክ? ለአምራቹ? ለቺካጎው ባለ አውሮፕላን? ለአጋጁ መሥሪያ ቤት? ለማንም አልላከም። ዋጠው። በ«ጥፋተኛው ይክፈል» ብቻ የማይፈታ ነገር አለ፣ ምክንያቱም እገዳ የሚመጣው ጥፋተኛው ከመታወቁ በፊት ነው። መሆንም ያለበት እንደዚያ ነው። ጥፋተኛ እስኪገኝ ቢጠበቅ ሦስተኛ አውሮፕላን ይወድቃል።


ጀማሪው_ከገርጂ፦

ጋሼ፣ ይኼንን አላውቅም ነበር። እርስዎ በሠሩበት ዘመን አንድ ዓይነት አውሮፕላን ሲታገድ ቢሮ ውስጥ ምን ይደረግ ነበር? ማለቴ በዚያው ቀን?


የድሮው_ዲስፓቸር፦

በዚያው ቀን ቡና ይፈላል፣ ማንም ቤቱ አይሄድም።

ቀልዱን ትቼ ልንገርህ። መጀመሪያ የምትጠይቀው «የቆሙት ዛሬ ማታ የት ሊሄዱ ነበር?» ነው። ከዚያ ምትክ ትፈልጋለህ። ምትኩ ብዙ ጊዜ አሮጌ ነው፣ ነዳጅ ይጠጣል። ወይ ወንበሩ ያንሳል፣ 30 ሰው ታወርዳለህ። ወይ ይበዛል፣ ባዶ ወንበር ይዘህ ትበራለህ። ፓይለቱም እንደ ሹፌር አይደለም፣ ከአንዱ አውስተህ ሌላው ላይ አታስቀምጠውም። ለያንዳንዱ ዓይነት ፈቃድ አለው። ስለዚህ ደሞዝተኛ ፓይለት ቁጭ ብሎ በሌላኛው አውሮፕላን በኩል ፓይለት ያጥርሃል። አንዳንዱ ደግሞ ከነሠራተኛው አውሮፕላን ይከራያል። እሱ እሳት ነው። ሁሉም አየር መንገድ በአንድ ቀን ለኪራይ ሲሰለፍ ዋጋውን አስበው።

እነዚህ ወጪዎች በደረሰኝ ይገኛሉ። በደረሰኝ የማይገኘው ሳይከፈት የቀረው መስመር ነው። አምና ልትከፍተው ያሰብከውን ከተማ ሌላው ቀድሞህ ይከፍተዋል። ያንን የትኛው ካሳ ይመልሳል?

በ2005 ዓ.ም. የቦይንግ 787 ድሪምላይነር በባትሪው ምክንያት ሲታገድ በዓለም ላይ ሥራ ላይ የነበሩት 50 ብቻ ነበሩ፣ አራቱ የኛ። ሦስት ወር ከምናምን ቆዩ። ሚያዝያ 19 ቀን ከዓለም ቀድሞ መንገደኛ ጭኖ የተነሳው የኛው ነው፣ ከአዲስ አበባ ናይሮቢ። ንግሥተ ሳባ የተባለችው። በማክስ ጊዜ ደግሞ ተገላቢጦሽ ሆነ። ያኔ ሥራ አስፈጻሚው የነበሩት አቶ ተወልደ ገብረማርያም «ከሚበሩት ሁሉ የመጨረሻው እንሆናለን» የሚል ቃል ሰጡ። መንገደኛ የጫነው ጥር 24 ቀን 2014 ነው። አሜሪካ ከፈቀደች በኋላ ከ14 ወር በላይ ተጨማሪ መጠበቅ ማለት ነው። ማንም አላስገደደንም። ያ ዋጋ በገዛ ፈቃድ የተከፈለ ነው። እኔ ግን ትክክል ነበር ባይ ነኝ።


ነገረ_ሠሪ፦

ጋሼ ይቅርታ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። እገዳው በሕግ ከተነሳ በኋላ ያለው ጊዜ የራስ ምርጫ ነው። በኅዳር 2016 ዓ.ም. ደግሞ ዱባይ ላይ ያው አየር መንገዳችን 20 ማክስና 11 ድሪምላይነር አዘዘ። መጨረሻው ያው ከሆነ 14 ወሩ ለምን አስፈለገ?


የድሮው_ዲስፓቸር፦

ልጄ፣ መጨረሻው ያው አይደለም። መካከሉ ላይ መንገደኛው አምኖ እንዲሳፈር ማድረግ አለ። ሌላ ሀገር ያለ አየር መንገድ ሶፍትዌሩ ተስተካከለ ብሎ ሊነሳ ይችላል። እኛ ጓደኞቻችንን የቀበርን ሰዎች ነን። የበረራ ሠራተኞቹን ስም የሚያውቅ ሆስተስ «ነገ ማክስ ላይ ተመድበሻል» ስትባል የሚሰማትን አስብ።


ነገረ_ሠሪ፦

እሺ። ይኼን ተቀበልኩ።


ሬንተን_ሠፈር፦

ሰላም ወገኖች፣ ከሲያትል አጠገብ ነኝ። ሬንተን ማለት ማክስ የሚሠራበት ከተማ ነው። እዚህ ሐበሻ ብዙ ነው። እኔ የምሠራው ቦይንግ ውስጥ አይደለም፣ ለሱ ከሚያቀርቡት ለአንዱ የሚያቀርብ ትንሽ ማሽን ሾፕ ነው። ስሙን አልጠራም።

እ.ኤ.አ. በ2019 መጋቢት ላይ ምንም አልተሰማንም። አውሮፕላን መብረር አቆመ እንጂ መሠራት አላቆመም። በወር 52 የነበረውን ወደ 42 አወረዱት። የተሠራው አይረከብም፣ ስለዚህ ይቆማል። ቦይንግ ፊልድ በሚባለው የሲያትል ሜዳ ላይ የሠራተኞች መኪና ማቆሚያ ውስጥ ሳይቀር አውሮፕላን ቆሞ ነበር። አዲስ አውሮፕላን ከቶዮታ ጎን! ዓመቱ ሲያልቅ 400 ገደማ ደረሰ። በጥር 2020 ማምረቱን ጨርሰው አቆሙ።

አሁን ያላያችሁት ነገር ይመጣል። ቦይንግ በዚያ ሰዓት የራሱን የማክስ ሠራተኛ አላባረረም፣ ወደ ሌላ ሥራ አዘዋወረ። ዊቺታ ካንሳስ ያለው ስፒሪት ኤሮሲስተምስ ግን የማክስን ገላ 70 በመቶ የሚሠራው እሱ ነበር፣ በዚያው ጥር 2,800 ሰው አሰናበተ። እኛ ጋ ደግሞ አለቃችን ጠርቶ «ከሰኞ ጀምሮ ሦስት ቀን ነው የምትሠሩት» አለን። የቤት ኪራዬ ግን ሦስት ቀን አልሆነም። ማታ ማታ ኡበር ጀመርኩ። ኤርፖርት አካባቢ ስጠብቅ ከጎኔ ከቆሙት ሾፌሮች ሁለቱ እንደኔው የፋብሪካ ልጆች ነበሩ።

ቦይንግ ለደንበኛ ካሳ ከፈለ ስትሉ እኔ የሚገርመኝ ይኼ ነው። ደንበኛ ማለት የገዛ ነው። የሸጠለት ምን ይባላል? ለኛ ሾፕ ካሳ የሚል ቃል ሲነገር ሰምቼ አላውቅም። ውላችን «ካዘዝን እንገዛለን» ነው የሚለው። አላዘዙም። አለቀ።

በዚያው ወር ዴኒስ ሙሌንበርግ፣ የተባረረው ሥራ አስፈጻሚ፣ 62 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አክሲዮንና ጡረታ ይዞ መውጣቱ ተነገረ። የስንብት ክፍያ አልተሰጠውም ተብሎ ነው እንግዲህ።


ዝም_ብዬ_አንባቢ፦

«የስንብት ክፍያ አልተሰጠውም» 💀


ሒሳብ_በልክ፦

ሬንተን፣ ጥሩ ቦታ ነክተሃል። እኔም ልል የነበረው እዚሁ ነው። የካሳውን መንገድ ስትከተለው ውል ያለው ጋ ደርሶ ይቆማል። አየር መንገዱ ከቦይንግ ጋር ውል አለው፣ ይደራደራል። ከዚያ ወዲያ ያለው በሰው መልካም ፈቃድ ነው።

የሳውዝዌስት ፓይለቶች ማኅበርን ውሰድ። ፓይለት ብዙ ጊዜ የሚከፈለው በበረረው ልክ ነው። በረራ ሲሰረዝ ደሞዙም ይሰረዛል። ማኅበሩ በጥቅምት 2019 ቦይንግን ከሰሰ፣ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ደሞዝ አጥተናል ብሎ። ክሱ ለዓመታት ከፍርድ ቤት ፍርድ ቤት ተንከባለለ። አየር መንገዱ ራሱ ግን በሁለት ወር ገደማ ውስጥ በታኅሣሥ ከቦይንግ ጋር በከፊል ተስማማ። ከዚያም 125 ሚሊዮኑን ለሠራተኞቹ አካፍላለሁ አለ። ይኼ የሚመሰገን ነው። ግን አሠሪው ስለፈለገ የመጣ ነው።


ስቶክሆልም_ብርድ፦

ተሳፋሪውን ረሳችሁት እኮ! በ2019 ክረምት ለእህቴ ሠርግ ቤተሰቡን ይዤ የቆረጥኩት ትኬት ተሰረዘብኝ፤ ማክስ ነበር የተመደበው። የአየር መንገዱን ስም ልተወው። አውሮፓ ውስጥ በረራ ሲሰረዝ እንደ ርቀቱ ከ250 እስከ 600 ዩሮ ካሳ የሚያስገኝ ሕግ አለ። ጠየቅኩ። «ያልተለመደ ሁኔታ ነው» አሉኝ። መንግሥት ሲያግድ ከአየር መንገዱ ቁጥጥር ውጭ ስለሆነ ያ ካሳ አይመለከተውም፣ የትኬት ገንዘብሽ ይመለሳል ወይ በሌላ በረራ ትሄጃለሽ አሉ። በሌላ በረራ ያሉት ከሠርጉ በኋላ ነው። የትኬቱን ገንዘብ ተቀበልኩ። አዲሱ ትኬት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው፣ ምክንያቱም ወንበር ጠፍቷል። ሁሉም ማክሱ ቆሞበታል።

ልዩነቷን እኔ ነኝ የከፈልኩት። ያው አየር መንገድ በኋላ ከቦይንግ ካሳ ማግኘቱን ዜና ላይ አነበብኩ። እኔ ጋ ያልተለመደ ሁኔታ፣ ቦይንግ ጋ የቦይንግ ጥፋት።


ትኬት_ቆራጭ፦

እህቴ፣ እኔ ደግሞ ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ያለሁት ነኝ። አንድ ትኬት ስቆርጥ የማገኘውን ትንሽ ነገር ታውቂያለሽ። በረራው ሲሰረዝ ደንበኛው የሚደውለው አየር መንገዱ ጋ አይደለም፣ እኔ ጋ ነው። በሌሊት። ቀኑን እቀይራለሁ፣ እንደገና አወጣለሁ፣ አስረዳለሁ፣ እሰደባለሁ። ገንዘቡ ከተመለሰ ደግሞ ያገኘሁትን ኮሚሽን መልሼ እከፍላለሁ። ሁለት ጊዜ ሠርቼ ዜሮ ማለት ነው። ፋይናንስ ሪፖርት ላይ እኔን የሚያሳይ መስመር ካገኛችሁ ጥሩኝ።


ነገረ_ሠሪ፦

ስለ አከራዮቹ ማንም አላነሳም። ዓለም ላይ ያለው አውሮፕላን ግማሽ ገደማ ኪራይ ነው። አውሮፕላኑ አይበርም ብሎ ኪራይ ማቆም አይቻልም ነበር?


ሒሳብ_በልክ፦

አይቻልም። በአውሮፕላን ኪራይ ውል ውስጥ ታዋቂ አንቀጽ አለ። ፈረንጆቹ «ሲኦልም ጎርፍም ቢመጣ» ነው የሚሉት፣ ቃል በቃል። ፀሐይ ወጣ አልወጣ፣ በረረ አልበረረ፣ ትከፍላለህ። ስለዚህ ላልበረረ አውሮፕላን ወር በወር ኪራይ ሲከፍል የከረመ ብዙ ነው። አከራዩ የተጎዳው ገና ያልተረከባቸው ላይ ነው። እሱም ቢሆን ርክክቡ ከ12 ወር በላይ ሲዘገይ ያለ ቅጣት መሰረዝ የሚፈቅድ ውል ስላለው ብዙዎቹ በ2020 ሰረዙ።

በአንጻሩ ኖርዌጂያን የተባለውን አየር መንገድ አስታውሱ። 18 ማክስ ነበረው፣ ዕዳው ደግሞ አናቱ ላይ ነበር። ሥራ አስፈጻሚው እገዳው በታወጀ ማግስት ያህል ሒሳቡን ለአምራቹ እንልካለን ብሎ በቪዲዮ ወጣ። መላኩንስ ላከ። በ2020 ትዕዛዞቹን ሰርዞ ቦይንግን ከሰሰ። በኅዳር ላይ ራሱ ከአበዳሪዎቹ የሚያስጥል የፍርድ ቤት ከለላ ጠየቀ። ጥፋቱ የማክስ ብቻ አይደለም፣ ኮቪድ ነው ዋናው። ግን አቅም የሌለው ሰው ካሳ እስኪመጣ መጠበቂያ የለውም።


ጀማሪው_ከገርጂ፦

ቆይ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። የሟች ቤተሰቦችስ? ክትፎውን ትቼዋለሁ፣ ይኼ ነው አሁን እያሳሰበኝ ያለው።


የድሮው_ዲስፓቸር፦

ጥሩ አደረግህ።


ሒሳብ_በልክ፦

የሞት ካሳው በሌላ መንገድ ነው የሚሄደው፣ በሞንትሪያል ስምምነት (የሀገራት የአየር መንገደኞች ካሳ ውል ነው) እና በቺካጎ ፍርድ ቤት። ቦይንግ በኅዳር 2021 ለበረራ 302 ተጠያቂነቱን በፍርድ ቤት ተቀብሏል። ከዚያ በፊት 50 ሚሊዮን ዶላር ለሁለቱ አደጋዎች 346 ቤተሰቦች ተከፋፍሏል፣ ለያንዳንዱ 144,500።

ግን ከእገዳው ሒሳብ ጋር የሚገናኝበት አንድ ወረቀት አለ። በጥር 2021 ቦይንግ ከአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ጋር የወንጀል ክሱን ለማዘግየት ተስማማ። 2.5 ቢሊዮን ዶላር ተባለ። ዜናው ሁሉ «2.5 ቢሊዮን ቅጣት» ብሎ ጻፈ። ፈታትታችሁ እዩት። የወንጀል ቅጣቱ 243.6 ሚሊዮን ብቻ ነው። ለሟች ቤተሰቦች 500 ሚሊዮን። ለአየር መንገዶች 1.77 ቢሊዮን።

ማለትም ወንበሩ ባዶ ሆኖ የቆመበት፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ከሞተው ሰው ቤተሰብ ከሦስት እጥፍ በላይ ተመደበለት። ያ 1.77 ቢሊዮን ደግሞ ቦይንግ ቀድሞ በካሳ መዝገቡ ይዞት የነበረ ገንዘብ ነው። አዲስ አልነበረም።

እኔ መድን ቤት 11 ዓመት ሠርቻለሁ። ቁጥር አያስለቅሰኝም። ይኼንን ወረቀት ያነበብኩ ዕለት ግን ምሳ አልበላሁም።


አወያይ፦

(ሁለት አስተያየቶች ተነስተዋል። ስለ ፓይለቶቹ ብቃት የሚወራው ወሬ እዚህ አይስተናገድም። አውሮፕላኑን ያለ ፓይለቱ ፍላጎት አፍንጫውን ወደ ታች የሚደፋው ኤምካስ የተባለ ሶፍትዌር በአንድ ሴንሰር ላይ ብቻ ተመርኩዞ ይሠራ እንደነበር ተረጋግጧል።)


ሬንተን_ሠፈር፦

አወያይ፣ እጅህ ይባረክ።


ሊዮን_አይደለሁም፦

ዘግይቼ መጣሁ። አሁን ያለው ጨዋታ ደግሞ ሞተር ነው። በ2023 ፕራት ኤንድ ዊትኒ ለኤርባስ ኤ320ኒዮ የሚሠራው ሞተር ውስጥ የብረት ዱቄት ችግር አለ አለ። ሞተር እየወረደ ይፈተሽ ተባለ። እስከ 2026 በአማካይ 350 አውሮፕላን ይቆማል ነው የተባለው። የፕራት እናት ኩባንያ አርቲኤክስ ለዚሁ 3 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ወጪ መዘገበ። እዚህ «ታግዷል» የሚል አዋጅ የለም፣ አውሮፕላኑ ግን ሞተር የለውም። ስፒሪት የተባለው ርካሽ አየር መንገድ (የዊቺታው ስፒሪት አይደለም፣ እኔም መጀመሪያ ተምታቶብኛል) ለ2024 ብቻ ከ150 እስከ 200 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ክሬዲት ተስማማ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ኪሳራ አወጀ። ሌላም ችግር ነበረበት፣ ግን ካሳው አላዳነውም።

በተቃራኒው አላስካ አየር መንገድ በጥር 2024 የማክስ 9 የጎን መሸፈኛ አየር ላይ ተገንጥሎ ሲወድቅበት፣ 171 አውሮፕላን ለሦስት ሳምንት ገደማ ታገደ። ቦይንግ ለመጀመሪያው ሩብ ዓመት 160 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወዲያው ከፈለው። አራት ብሎኖች አለመኖራቸው ስለታወቀ የሚያከራክር ነገር አልነበረም።


ጀማሪው_ከገርጂ፦

እሺ፣ ፍርድ። ጓደኛዬ በመድን ተሸነፈ። እኔም በቦይንግ ግማሽ ተሸነፍኩ። ክትፎውን ተካፍለን እንከፍላለን ብለናል። አስተናጋጁ ይኼን ሁሉ ሲሰማ «እኔ ጋስ ምን ይደርሳል?» አለ። ቲፕ ጨምረናል።


ሃንጋር_ውስጥ፦

ቴክኒሽያን ነኝ። ውይይቱ ካለቀ በኋላ ገባሁ መሰለኝ። አንድ ነገር ግን ማንም አላነሳም።

ሁላችሁም «ቆመ» ትላላችሁ፣ እንደ ተኛ። የቆመ አውሮፕላን ከሚበር አውሮፕላን በላይ ያደክማል። ሞተሩ አፉ ይታሸጋል፣ ወፍ ጎጆ እንዳትሠራበት። እርጥበት የሚመጥ ከረጢት ይገባበታል። በየተወሰነ ቀን ይከፈትና ይነሳል፣ ይሞቃል፣ መልሶ ይታሸጋል። ጎማው በአንድ ጎን ተጭኖ እንዳይበላሽ አውሮፕላኑን እየጎተትን ጎማውን እናዞራለን። ነዳጅ ታንኩ ውስጥ ሻጋታ እንዳይበቅል ይመረመራል። ትናንሽ የአየር ፍጥነት መለኪያ ቀዳዳዎቹ ይሸፈናሉ፣ ሲከፈቱ ደግሞ ሽፋኑ እንዳይረሳ ይፈረማል። አሜሪካ የቆሙት አዳዲስ ማክሶች ታንካቸው ውስጥ ጨርቅና ዕቃ የተገኘባቸው ነበሩ፣ ከፋብሪካ የተረሳ። ስለዚህ ሁሉም እንደገና ተከፈተ።

ይኼን ሁሉ ስትጨርስ አውሮፕላኑ ያው እዚያው ነው። አንድም መንገደኛ አልወሰደም። እኛ ግን የሥራ ካርዱን ፈርመናል፣ በየሳምንቱ፣ ለወራት። አንዱ አለቃችን ካርዶቹን በካርቶን ሰብስቦ አስቀምጦ ነበር፤ «ሒሳቡ ሲጠየቅ ይኼ ማስረጃ ነው» ይል ነበር። ካርቶኑ የት እንደደረሰ እጠይቀዋለሁ።


ሒሳብ_በልክ፦

ካርቶኑን ካገኛችሁት እባክህ ሰዓቱን ደምርልኝ። የምሬን ነው።


ሃንጋር_ውስጥ፦

ሰኞ እገባለሁ። እነግርሻለሁ።